ሽንት ሲያቃጥል ከኪኒኑ በፊት ምርመራው ይቅደም

ዛሬ የማነሣው በሹክሹክታ የሚወራ ጉዳይ ነው፤ ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ ስለሚከሰት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን።

እዚህ መልካሳ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በሬን የሚያንኳኳ አይጠፋም። በቅርቡ አንዲት እናት «ሲስተር፣ ብርድ መትቶኝ ነው መሰለኝ፣ ሽንቴ እንደ እሳት ይፈጀኛል» አለችኝ። የምጽፈውም ፈቃዷን ጠይቄ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ሰው እንዳያያት አዳማ ድረስ እየሄደች ትወስዳለች። ከእሱ ጋር በየቀኑ የምትውጠው ባክትሪምም አላት። ሲያቃጥላት ባክትሪሙን በእጥፍ አድርጋ ሦስት ቀን ዋጠች። አልተሻላትም።

ለምን አልተሻላትም? ሽንት የሚያቃጥለው ብርድ ስለመታን ወይም ፀሐይ ላይ ስለሸናን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ኢ. ኮላይ የሚባል፣ አንጀታችን ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር በመሆኑ ወደ ፊኛ ለመግባት አይቸገርም። ሲዲ ፎር የወረደበት ሰው ደግሞ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ይበልጥ ይጋለጣል።

ባክትሪም፣ ማለትም ኮትሪሞክሳዞል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚታዘዘው ከአደገኛ የሳንባ ምችና ከሌሎች ተጓዳኝ በሽታዎች እንዲጠብቀው ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሲወሰድ የማይሞቱት ባክቴሪያዎች ተርፈው ይራባሉ። ስለዚህ ባክትሪም እየወሰደ ሽንቱ ያቃጠለው ሰው፣ የያዘው ጀርም መድኃኒቱን የተላመደ ሊሆን ይችላል። መጠኑን ማብዛት ጎጂ እንጂ ፈውስ አይደለም። የታዘዘውን ባክትሪም በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አይገባም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ከመግዛት በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንት መስጠት። ከመሽናት በፊት በውኃ መታጠብ፣ የመጀመሪያውን ሽንት መልቀቅ፣ መካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ መቀበል። በመልካሳ ሙቀት ዕቃው ውስጥ ባክቴሪያው ቶሎ ስለሚራባ ናሙናው ወዲያው ላቦራቶሪ ይድረስ። ካልቸር ከታዘዘ ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚለየው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መናገር ነው። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሚያክማችሁ ባለሙያ ንገሩ። ብዙዎቻችሁ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ኪኒን የተዋሀዱበትን ትወስዳላችሁ። ቴኖፎቪር አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊት ሊነካ ስለሚችል፣ ለጎን ውጋት ዲክሎፌናክ ገዝቶ መዋጥ አደጋውን ይጨምራል። ለጨጓራ የሚወሰደው አንታሲድም ዶሉቴግራቪርን ያደክማል፤ ኪኒኑ ከአንታሲዱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት።

ምርመራ የሚጠቅመው ሌላም ምክንያት አለ። ጨብጥም ሽንት ያቃጥላል፤ ያኔ የትዳር ጓደኛም መታከም አለበት። ሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሴል ታይቶ ባክቴሪያ ካልተገኘ ደግሞ የኩላሊት ቲቢ ሊሆን ስለሚችል በዝምታ አይታለፍም።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ካለ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ሆነች ሽንቱ ያቃጠለው ወንድ ነገን አይጠብቁ።

ለመከላከል፦ ገበያ የምትውሉ እናቶች ሽንት ቤት እንዳትፈልጉ ብላችሁ ውኃ አትቀንሱ፤ ሽንትም ይዛችሁ አትዋሉ። ስትጠራረጉ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ከግንኙነት በኋላ ሽኑ። ውስጣችሁን በሳሙና አትጠቡ።

ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንት ሰው ልጅ አሳድጎ፣ የልጅ ልጅ አየ! በየቀኑ ሳያቋርጥ መድኃኒቱን የዋጠ ሰው፣ አንድ ብልቃጥ ሽንት መስጠት አፍሮ ኩላሊቱን ሊያጣ አይገባም። ሰው እንዳያያችሁ ከፈራችሁ ባለሙያውን ለብቻ አነጋግሩ፤ ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው።