የአክሱም መርከቦች ወዴት ገቡ?

አንባቢ ሆይ፤ በወረታና በፎገራ ሜዳ ላደገ ሰው ስለ ውሃ መናገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ራሱ ሐይቅ ይመስላል፤ ጎርፍ የወሰደውንም ዕቃ ማንም ተመልሶ አያየውም። ስለዚህ ውሃ የበላውን ነገር ወርዶ መፈለግ በእኛ ዘንድ ልማድ አይደለም። ዛሬ ግን ይህንኑ ሥራቸው ስላደረጉ ሰዎች ጥቂት ላጫውትህ አስቤአለሁ።

ነገሩን ያነሣሣኝ በታሪክ ትምህርት ሰዓት የቀረበ ጥያቄ ነው። ስለ አዱሊስ ወደብ፥ ንጉሥ ካሌብም በ525 ዓ.ም. ገደማ ሠራዊቱን በመርከብ ጭኖ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ሒምያር ስለ መዝመቱ ስናወሳ፥ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ብድግ አለና «ሐውልቱ ቆሞ ሳለ መርከቦቹ ወዴት ገቡ?» ብሎ ጠየቀ። ጎረቤቱም ቀበል አድርጎ «ያልነበረ ነገር ከየት ይገኛል!» አለና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልተስማማኝም። ምክንያቱም ይኸው ሐሳብ በብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድም አለ፤ አባቶቻችን ደገኞች ነበሩ፥ ባሕር የሌላ ሰው ሥራ ነው ይላሉ። መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን እንሂድ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1628 ዓ.ም. የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ 64 መድፍ የተጫነባትን ቫሳ የተባለች የጦር መርከብ አሠራ። ከመነሣቷ በፊት 30 መርከበኞች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ሚዛኗን ፈተኑ፤ እጅግ ስለ ተንገዳገደች በሦስተኛው ሩጫ ላይ ፈተናው ተቋረጠ። ንጉሡ ግን በጦር ሜዳ ሆኖ «ፍጠኑ» ይል ነበርና «አትሄድም» ብሎ የሚነግረው አልተገኘም። በመሥሪያ ቤት የምትውል አንባቢዬ እንዲህ ያለውን ዝምታ ሳታውቀው አትቀርም። በነሐሴ ወር ከስቶክሆልም ወደብ ተነሥታ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትጓዝ ነፋስ አዘነበላት፤ ውሃም በመድፎቿ መስኮት ገብቶ 32 ሜትር ያህል ወደ ታች ሰጠመች።

በ1664 እና በ1665 ጠላቂዎች እንደ ደወል በተሠራ የእርሳስ ዕቃ ሥር ቆመው፥ በደወሉ ውስጥ የታፈነውን አየር እየተነፈሱ ወደዚያ ጨለማ ወርደው ከ50 የሚበልጡ መድፎችን አወጡ። ከዚያ በኋላ መርከቢቱ ተረሳች። በ1956 አንደርሽ ፍራንሴን የተባለ ኢንጂነር በጀልባ እየዞረ፥ አፉ ባዶ የሆነ ሹል ብረት በገመድ ወደ ታች እየጣለ ይፈልጋት ጀመር። አንድ ቀን ብረቱ የጠቈረ የኦክ እንጨት ቍራጭ ይዞ ወጣ። የባሕር ኃይሉ ጠላቂ ፔር ኤድቪን ፌልቲንግ ሲወርድ ከጭቃው ብዛት የተነሣ ምንም አላየም፤ በእጁ ሲዳስስ ግን መጀመሪያ አንድ፥ ቀጥሎም ሁለተኛ ረድፍ የመድፍ መስኮት አገኘ። ያን ጊዜ የተገኘችው ቫሳ እንደ ሆነች ታወቀ። ጠላቂዎቹ ከሥሯ ስድስት ዋሻ በውሃ ግፊት ቈፍረው የብረት ገመድ አሳለፉ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1961 ዓ.ም. ከ333 ዓመት በኋላ ሙሉ አካሏን ይዛ ወጣች። ዛሬ በስቶክሆልም ሙዚየም ውስጥ ትታያለች።

እንጨት ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሳይበሰብስ ቀረ? ምሥጢሩ ከትል ላይ ነው። በጨዋማ ባሕር ውስጥ ቴሬዶ የተባለ ፍጥረት አለ፤ የመርከብ ትል ይባላል እንጂ በዘሩ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። የሰጠመ እንጨት ሲያገኝ ቦርቡሮ ይጨርሰዋል። የባልቲክ ባሕር ግን ጨው ስለሚያንሰው ትሉ አይመቸውም፤ ቅዝቃዜውም መበስበስን ያዘገያል። ፍራንሴን ፍለጋውን የጀመረው ይህን አስቀድሞ ስላወቀ ነው።

እንግዲህ ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። ከምጽዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በዛሬይቱ ኤርትራ ባሕር ውስጥ፥ ጥቁር አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ በ1990ዎቹ ዓመታት ጠላቂዎች የአንዲት ጥንታዊ መርከብ ስብራት አገኙ፤ በ1997ም ተመራማሪዎች ወርደው ቈፈሩት። ያገኙት ግን ቫሳን የመሰለ ነገር አይደለም። ወለሉ ላይ የተበተነ የሸክላ ስብርባሪ ነው፤ ታቹ የሾለ ባለ ሁለት ጆሮ ማሰሮ፤ ዘመኑም በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል። ይህ ዐይነት ማሰሮ የተሠራው በአይላ፥ ማለት በዛሬው የዮርዳኖስ ወደብ በአቃባ ሲሆን፥ በአክሱም ከተማም ቍፋሮ ስለ ተገኘ ሊቃውንቱ «የአይላና የአክሱም ማሰሮ» ይሉታል። ከዚያ ሰሜን ወደብ ተነሥቶ እስከ ትግራይ ደጋ የደረሰው ሸቀጥ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር ማለት ነው። መርከቢቱ የማን እንደ ነበረች ማሰሮው አይናገርም፤ የንግዱን መንገድ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ዕንጨቱስ? ቀይ ባሕር ሞቃትና እጅግ ጨዋማ ነው፤ ለትሉ የሠርግ ቤት ነው። በዚያ ላይ የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ጻፈው፥ በዚያ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ እንጂ በብረት ምስማር የተመታ አልነበረም። ትሉ እንጨቱን ሲበላ፥ ገመዱም ሲበሰብስ፥ ምስማር እንኳ አይቀርም። ስለዚህ ክፍሉን ያሳቀው ልጅ ከቫሳ ጋር ያለውን ልዩነት የአባቶች ልዩነት አድርጎ ወሰደው፤ ልዩነቱ ግን የውሃው ነው።

ጠላቂ ለመሆን ልቡ የተነሣሣ ተማሪ ቢኖር አንድ ሁለት ነገር ልንገረው። የቫሳ ሰዎች የመዳብ ቆብ ደፍተው ከላይ በቱቦ አየር ይላክላቸው ነበር። አሁን ብዙው ጠላቂ አየሩን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል፤ ይህ ስኩባ የሚሉት መሣሪያ በ1943 በፈረንሳይ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ካሻሻሉት ወዲህ የተስፋፋ ነው። በሰሜን ስኮትላንድ ስካፓ ፍሎ በተባለው ባሕር፥ ጀርመኖች በ1919 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ካሰጠሟቸው የጦር መርከቦች መካከል ሳይነሡ የቀሩትን ሰባት ታላላቅ መርከቦች ለማየት ሰዎች ከየአገሩ ይመጣሉ። ውሃው በበጋም ከ15 ዲግሪ እምብዛም ስለማያልፍ ውሃ የማያስገባ ልብስ ከወፍራም ሹራብ ላይ ይለብሳሉ።

ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚያስፈራው ግን መውጣቱ ነው። ጠላቂ 10 ሜትር በወረደ ቍጥር የባሕር ዳርን አየር ያህል ግፊት ይጨመርበታል፤ በዚህም ግፊት የሚተነፍሰው ናይትሮጅን በደሙ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ በሳንባው ይሄዳል። ቸኵሎ ከወጣ ግን ድንገት እንደ ተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ደሙ አረፋ ያወጣል፤ ይህም ሽባ ያደርጋል፥ ይገድላልም።

«ታዲያ ጣናስ?» ትለኝ ይሆናል። ጣና ጨው የለውምና የመርከብ ትል አይኖርበትም፤ ጥልቀቱም ቢበዛ 14 ሜትር ያህል፥ ከቫሳ መቃብር ከግማሽ በታች ነው። ነገር ግን የሐይቁ ታንኳ ከደንገል የታሰረ ስለ ሆነ ጥቂት ወራት አገልግሎ ዳር ላይ ይበሰብሳል፤ ወንዞቹም ደለላቸውን ስለሚያፈሱበት የወረደ ሰው እንደ ፌልቲንግ በዳሰሳ መሥራት ይኖርበታል። ሌላም ነገር አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ለባሕር የተዘጋጀው የአወጣጥ ሰንጠረዥ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ከጣና ወጥቶ ወዲያው በመኪና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ጠላቂም ወደ 900 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ይህም ለደሙ በአውሮፕላን እንደ መውጣት ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ወረታ ላይ ማደር ይኖርበታል።