ሁሉም ነገር «ኔትወርክ» አይደለም

ደብረ ማርቆስ ላይ ለማይሰራ ነገር ሁሉ አንድ መልስ አለን፤ «ኔትወርክ የለም»። ቢሮ ስንሄድ «ሲስተም የለም» እንባላለን። ሲቪ ልንልክ ኢንተርኔት ቤት ስንገባ «ዛሬ ኔትወርኩ አስቸጋሪ ነው» ይሉናል። እኛም ለምደነዋል። ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ክሮም ተከፍቶ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀጥ ሲል፣ የማውሷ ክብ ዝም ብላ ስትሽከረከር፣ ከላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል ፍርዳችን ያው ነው፤ «ኔትወርኩ ነው፣ ተወው በቃ»።

እኔ ግን አልስማማም። ብሮውዘር ስታክ ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኔትወርክ አይደለም። ችግሩ ያለው እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ይህን አለመለየታችን ደግሞ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ብር ያስወጣል፣ ፋይል ያስጠፋል፣ የማመልከቻ ቀን ያሳልፋል።

በኔትወርክ ማሳበባችን ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም ተዘግቶ ቆየ። እውነተኛውን የኔትወርክ ችግር በዓይናችን ያየን ሰዎች ነን። ያንን ያሳለፈ ሰው ሁሉንም ነገር ለኔትወርክ ቢሰጥ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው መስመሩ ባለበት ቀንም ያንኑ ፍርድ መስጠታችን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው።

ደግሞ ሁለቱን ችግሮች መለየት ከባድ አይደለም። መስመር ሲጠፋ ብሮውዘሩ ራሱ ይናገራል። «ኢንተርኔት የለም» ይላችኋል፤ ክሮም ላይ ያቺ ትንሽ ዳይኖሰር ትመጣለች። ግን ታብ መቀየር፣ መጻፍ፣ መዝጋት ትችላላችሁ። ብሮውዘሩ ራሱ ሲቆም ግን ታብ አይቀየርም፣ የጻፋችሁት ፊደል ዘግይቶ ይመጣል፣ ኤክሷን ብትጫኑ አይሰማችሁም። ካልለየላችሁ ስልካችሁን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኙና ያንኑ ገጽ ክፈቱ። ስልኩ ላይ በደንብ ከሰራ መስመሩ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? ኢኮኖሚክስ ስንማር መጀመሪያ የሰማነው ነገር፣ ሀብት ውስን ነው፣ ፍላጎት ግን ገደብ የለውም የሚል ነበር። ራም ማለት ይኼው ነው። ብዙ ቤት ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ ባይት፣ ማከማቻው የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ከዚያች 4 ጊጋ ላይ ዊንዶውስ ገና ሲነሳ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ክሮም ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ታቦቹን በአንድ ላይ ሳይሆን ነጣጥሎ ነው የሚያስኬደው። ጥቅሙ አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌላው አብሮ አይወድቅም። ዋጋው ደግሞ ብዙ ራም መብላቱ ነው።

ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ጂሜይልና ሌላ አስር ታብ ስንከፍት ራሙ ይሞላል። ያኔ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ማዛወር ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ከራም አንጻር እጅግ ዘገምተኛ ነው። ጎተራው ሞልቶ የተረፈውን እህል ወንዝ ማዶ ዘመድ ቤት አስቀምጦ፣ እንጀራ ሊጋገር በታሰበ ቁጥር ወንዝ ተሻግሮ እንደመመላለስ ነው። ያቺ የምትሽከረከር ክብ ትርጉሟ «ወንዝ እየተሻገርኩ ነው፣ ጠብቁኝ» ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ሜሞሪ» የሚለው 90 በመቶ አካባቢ ደርሶ፣ «ዲስክ» የሚለው 100 ላይ ተቸክሎ ካያችሁት ጥፋተኛው ተያዘ። ክሮም ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕ ብትጫኑ ደግሞ የክሮም የራሱ ዝርዝር ይመጣል፤ የትኛው ታብ፣ የትኛው ኤክስቴንሽን ምን ያህል እንደሚበላ በስም ይነግራችኋል። የበዛበትን መርጦ ማስቆም ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀሩት እርምጃዎች አንድ ብር አያስወጡም። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ጋ ገብታችሁ «ሜሞሪ ሴቨር»ን አብሩ፤ የማትነኳቸውን ታቦች ያስተኛቸዋል። በኢንኮግኒቶ መስኮት ሞክሩ፤ እዚያ ካልቆመ ኤክስቴንሽኖቹን ጠርጥሩ፣ ምክንያቱም ራሳችሁ ካልፈቀዳችሁ በቀር ኢንኮግኒቶ ውስጥ አይሰሩም። ቪዲዮ ሲከፈት ብቻ የሚቆም ከሆነ «ሲስተም» በሚለው ስር ያለውን የግራፊክስ አክስለሬሽን አጥፍታችሁ ሞክሩት፤ አሮጌ የግራፊክስ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚያጣላው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችንም ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለው ጋ ገብታችሁ አጥፉ።

አሁን የተሳሳተው ፍርድ የሚያስከፍለንን እንቁጠር። «ኔትወርኩ ነው» ያለ ሰው ትልቅ ፓኬጅ ይገዛል። ራም በሞላበት ማሽን ላይ የተጨመረ ዳታ ምንም አይፈይድም። «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ያለ ደግሞ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ እዚያ የመጀመሪያው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው። ፎርማት ራም አይጨምርም! ለጥቂት ቀናት ቀለል ይለዋል፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። በመሃል ግን የእህታችሁ የሰርግ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ቅጂ ካልተያዘላቸው አብረው ይሄዳሉ። ሦስተኛው አዲስ ልግዛ ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒውተርም የኮምፒውተር ዕቃም ከውጭ የሚመጣ ነገር ስለሆነ አዲስ መግዛት ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

የግድ ብር ማውጣት ካለባችሁ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ምትክ ኤስኤስዲ ማስገባት ለአሮጌ ማሽን ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ቀጥሎ ራም መጨመር ነው። ራም ስትገዙ ማሽናችሁ የሚቀበለው ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ብዙ ሰው የማያስተውላቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። እናቶቻችን በእጃቸው የሰሩት ዳንቴል ኮምፒውተሩ ላይ ሲያምር ያምራል፤ ግን ማሽኑ እየሰራ የአየር ቀዳዳውን ከሸፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ፕሮሰሰሩም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ፋኑ ላይ የተከመረው አቧራ ብርድ አያውቅም። ሁለተኛ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓትና ቀኑ የሚጠፋበት ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አልቃ ሊሆን ይችላል። ቀኑ የተሳሳተ ከሆነ ብሮውዘሩ የገጾቹን የደህንነት ሰርተፊኬት አያምንም፤ «ኮኔክሽንህ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋባችኋል። ይኼም «ኔትወርክ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ጥር 2015 ዓ.ም. የወጣው ክሮም 109 ለእናንተ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ወዲህ የተሰሩ ገጾች እሱ ላይ ቢንገዳገዱ አይግረማችሁ። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

«እኔ ስልኬ ይበቃኛል፣ ኮምፒውተር ምን ያደርግልኛል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለቲክቶክና ለቴሌግራም ይበቃል፣ አልከራከርም። ግን የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል ወደ ኦንላይን ገብቷል። የሥራ ማመልከቻ፣ የስኮላርሺፕ ፎርም፣ በኤክሴል የሚሰራ ነገር ሁሉ የሚጠብቃችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቤቱ ባለው አሮጌ ማሽን ተለማምዶ የመጣ ልጅና ኪቦርድ ላይ ፊደል እየፈለገ የሚለቅም ልጅ ፈተና አዳራሽ ውስጥ እኩል አይደሉም። ያ አሮጌ ዴስክቶፕ «ተበላሽቷል» ተብሎ ጥግ ሲጣል የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የታናናሾቻችሁ መለማመጃም አብሮ ይጠፋል።

ሁሉንም ጥፋት በተጠቃሚው ላይ መጫንም ፍትሕ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የሚለው ስትራቴጂ ጸድቆ አገልግሎቱ ሁሉ ወደ ድረ ገጽ ሲገባ፣ ገጹን የሚሰሩት ባለሙያዎች የሚሞክሩት በራሳቸው አዲስ ላፕቶፕ ይመስለኛል። በየገጹ አናት ላይ የሚንሸራተት ትልልቅ ፎቶ፣ የሚንቀሳቀስ ጌጥ፣ ራሱን የሚያጫውት ቪዲዮ ለምን ያስፈልጋል? ፎርም ሊሞላ የመጣ ሰው ፎርሙን ነው የሚፈልገው። የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ገጽ ከመከፈቱ በፊት 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መሞከር አለበት። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ግን ይህን ጥያቄ እኛም በትክክል መጠየቅ የምንችለው ችግሩን በስሙ ስንጠራው ነው። ሁሉን ነገር «ኔትወርክ» ካልን ገጹን የሰራው ተቋም አይጠየቅም፣ ጥገና ቤቱ አይጠየቅም፣ መስመሩን የሚያቀርበውም በእውነት ሲጠፋ «ኮምፒውተራችሁ ይሆናል» ብሎ ያመልጣል። ጥፋት ባለቤት ካላገኘ የሚያስተካክለው አያገኝም።

ስለዚህ የማመልከቻ ቀን ከመድረሱ በፊት፣ ዛሬ ማታ መብራት ካለ፣ ቤታችሁ ያለውን ማሽን አስነሱና ታስክ ማናጀሩን ክፈቱ። ረዥም መልስ የሚጠይቅ ፎርም ካላችሁ መጀመሪያ ኖትፓድ ወይም ዎርድ ላይ ጻፉና ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ ኮፒ አድርጋችሁ ፎርሙ ላይ ለጥፉ፤ ብሮውዘሩ ቢቆምም ሥራችሁ አይጠፋም። በስህተት የዘጋችሁት ታብ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ ይመልሰዋል። ታናሽ ወንድማችሁ «ኔትወርክ የለም» ሲላችሁ ደግሞ «ሜሞሪው ስንት በመቶ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።