ስለ ጉበትና ስለ ሐሞት ሥራ

በቋንቋችን ደፋሩ ሰው ሐሞተ ኮስታራ፥ ፈሪው ሐሞተ ቢስ ይባላል። ሐሞት በእውነት የሚያገለግለው ግን ከጦር ሜዳ ይልቅ በማዕድ ጊዜ ነው፤ ሠሪውም ጉበት ነው። ስለዚህ የቤተ ሰብን ሁሉ ጤና የሚመለከተውን የዚህን ብልት ሥራ በአጭሩ እንገልጣለን።

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ይገኛል፤ ክብደቱም በአዋቂ ሰው 1 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ሌት ተቀን የሚሠራው ሐሞት በከረጢቱ ተጠራቅሞ ይቈይና፥ ቅባት ያለበት ምግብ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ይፈስበታል። ቅቤ የነካው እጅ በውኃ ብቻ አይጠራም፤ እንዶድ ወይም ሳሙና ሲያገኘው ግን ቅባቱ ተበታትኖ ይለቃል። ሐሞትም በአንጀት ውስጥ ስቡን እንዲሁ ይበታትነዋል፤ ያለዚያ ስቡ በሚገባ ሊፈጭ አይችልም።

ከዚህም በላይ ከአንጀት የሚመለሰው ደም የምግቡን ፍሬ ተሸክሞ አስቀድሞ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበትም እንደ ታማኝ በጅሮንድ ሆኖ የተረፈውን ስኳር ያስቀምጣል፤ በጾም ሰዓት መልሶ ለደም ያድላል። ጉበት ስኳር እንደሚሠራ የገለጠው ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1848 ዓ.ም. ነበር። የጠጅና የአረቄ መርዝም በብዛት የሚሰበረው በዚሁ በጉበት ነው።

ዳሩ ግን ጉበት ሲጐዳ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ቶሎ አይናገርም። ከሚገልጡት ምልክቶች አንዱ የዓይን ቢጫ መሆን ነው። ሕዝቡ ይህን የወፍ በሽታ ይለዋል፤ የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች የሚሉም አሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን ካረጀ ደም የሚወጣው ቢጫ ቀለም ከሐሞት ጋር መወገድ ሲገባው በደም ውስጥ መቅረቱ ነው። ይህም የሚሆነው ጉበቱ በተላላፊ በሽታ ወይም በመጠጥ ሲቈስል፥ ወይም የሐሞቱ መንገድ በጠጠር ሲዘጋ፥ ወይም ደም ከልክ በላይ ሲፈርስ ነው።

እንግዲህ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፥ ሽንቱ የጠቈረ፥ ዓይነ ምድሩም የነጣ ሰው በቤት ቢኖር ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ። መጠኑ ያልታወቀ ሥር ማጠጣት አይገባም፤ የታመመውን ጉበት ይብሱን የሚመርዝ ሥር አለና። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ በደም፥ ከእናትም ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ መከላከያው ግን በአገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጡት ክትባቶች ጋር ገብቷል። ወላጆች ልጆቻቸውን በወቅቱ ቢያስከትቡ፥ አባወራውም መጠጡን ቢመጥን፥ ይህ ዝምተኛ አገልጋይ ዕድሜ ልክ ያገለግላቸዋል።