«ታገሺ፣ ይስተካከላል»፦ ሳያዩ የሚሰጥ ምክር ሕክምና አይደለም!

የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው ጠንከር ይላል። ምክንያቱን ስታነቡት ትረዱኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

በቅርቡ አንዲት የ27 ዓመት ወጣት ከእናቷ ጋር ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። ታሪኳን የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ማንነቷን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ውጭ አገር ሄዳ ጡቷ ውስጥ ሲሊኮን ካስገባች 16 ቀኗ ነው። በስምንተኛው ቀን አውሮፕላን ተሳፍራ ተመልሳለች።

«ዶክተር፣ ቀኙ አልወርድ አለኝ። እላይ ተሰቅሎ ቀረ። ግራው ግን ሞላ ብሎ ጥሩ ሆኗል» አለችኝ።

ሳያት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያስጨነቃት ቀኝ ጡቷ በ16ኛው ቀን መሆን የሚገባውን የሆነ ጤነኛ ጡት ነበር። «ጥሩ ሆኗል» ያለችው ግራው ግን ቀልቷል፣ ሲነኩት ይፋጃል፣ ከስፌቱ ጠርዝ ፈሳሽ ይወጣዋል። ሙቀቷን ስለካው 38.7 ነው። ግራውን ሞላ ያደረገው ኢንፌክሽን ነበር።

ትኩሳቱ ከጀመራት ሦስት ቀን ሆኖታል። ለማን ነገረች? ከሆስፒታሉ ጋር ላገናኛት ደላላ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ፎቶ ልካ «ትንሽ ትኩሳትም አለኝ» ብላ ጽፋለታለች። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «የኔ ቆንጆ አትጨናነቂ፣ ኖርማል ነው። ታገሺ፣ ይስተካከላል።» እሷም ሰፈሯ ካለ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን ገዝታ መዋጥ ጀመረች። ለእናቷ ለምን እንዳልነገረች ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። እናትየው ናቸው የመለሱልኝ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። ከመሄዷ በፊት፣ የገዛ እጅሽ የሚያመጣውን ራስሽ ቻይው ብያት ነበር።»

ያኑ ቀን ወደ ፕላስቲክ ሰርጀን ላክኋት። የግራው ሲሊኮን ወጣ፣ ቦታው ታጠበ፣ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጣት። ዛሬ ደህና ናት። ግን መልሶ ለማስገባት ወራት መጠበቅ አለባት፤ እስከዚያ አንዱ ጡቷ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆኖ ትኖራለች። በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ቢያያት ኖሮ ሲሊኮኑን የማትረፍ ዕድል ይኖር ነበር።

እኔን ያናደደኝ «ታገሺ» የሚለው ቃል አይደለም። ትዕግሥት በዚህ ሕክምና ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ያናደደኝ ሳያዩ፣ ሳይነኩ፣ ሙቀት ሳይለኩ «ታገሺ» መባሉ ነው። መርምሮ «ታገሺ» ያለ ሐኪም አክሟል። ፎቶ አይቶ ብቻ «ታገሺ» ያለ ሰው ግን የተገላገለው ራሱን ነው።

በእርግጥ መታገሥ ያለብሽ ለምንድን ነው?

ሲሊኮኑ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በደረት ጡንቻ ሥር ወይም በከፊል ከጡንቻው ሥር ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከጡንቻው በላይ፣ ከጡቱ ሥጋ ሥር። ጡንቻው እንግዳ ነገር ሲገባበት ይወጠራል፤ ተወጥሮም ሲሊኮኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። እብጠቱ ሲጨመርበት ጡቱ ከላይ ያበጠ፣ ከታች የጎደለ፣ ሲነኩት ደረቅ ያለ ይመስላል። ይህ የቀዶ ሕክምናው ስህተት አይደለም። ጡንቻው እየላላ፣ ቆዳው እየተለጠጠ ሲሄድ ሲሊኮኑ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የታችኛው ክፍል ይሞላል፤ ጡቱም ይለሰልሳል።

ጊዜውን በግርድፉ ላስቀምጠው፦

- የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፦ እብጠት፣ መወጠር፣ መበለዝ። በዚህ ጊዜ ስለ ቅርጽ መፍረድ ሊጥ አይቶ ስለ እንጀራው ዓይን እንደመፍረድ ነው።
- እስከ 6 ሳምንት፦ እብጠቱ በብዛት ይቀንሳል፤ ጡቱ መውረድ ይጀምራል።
- ከ3 እስከ 6 ወር፦ ቅርጹ ይረጋል። «አምሯል፣ አላማረም» የሚባለው ያኔ ነው።
- ጠባሳው ቀለሙ ደብዝዞ እስኪለሰልስ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

ሁለቱ ጡቶች እኩል አለመውረዳቸውም የተለመደ ነው። በቀኝ እጇ የምትሠራ ሴት የቀኝ ደረቷ ጡንቻ ስለሚጠነክር ያ ወገን ሊዘገይ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊትስ ሁለቱ ጡቶችሽ እኩል ነበሩ? የማናችንም እኩል አይደሉም። የጡት ጫፍ መደንዘዝ ወይም ከልክ በላይ ስሜታዊ መሆንም ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻሻላል፤ ጥቂት ሴቶች ላይ ግን ሊቀር ይችላል። ይህንን ደላላው አይነግርሽም፤ እኔ ልንገርሽ።

«ታገሺ» የማይሠራባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካየሽ ነገ አትበይ፤ ዛሬውኑ ሂጂ።

1. አንዱ ጡት በድንገት ካበጠ፣ ከተወጠረና ሕመሙ ከባሰ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሆነ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል።
2. ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና መፋጀት፣ ፈሳሽ ወይም መግል።
3. ስፌቱ ከተከፈተ ወይም ቆዳው ከጠቆረ።
4. የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ደረት የሚወጋ ሕመም። ይህ የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ረጅም በረራ አደጋውን ይጨምረዋል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ቀስ ብለው የሚመጡም አሉ፤ የማያጣድፉ ግን ቀጠሮ የሚያስፈልጋቸው። ሰውነታችን በሲሊኮኑ ዙሪያ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ይህ በሁሉም ሴት ላይ ይሆናል። በአንዳንዶቹ ግን ሽፋኑ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እየጠበቀ ሲሊኮኑን ይጨምቀዋል። ለስላሳ የነበረ ጡት ሲጠነክር፣ ወደ ላይ ሲሰቀል፣ ሲያም ይህን አስቢ። ሲሊኮኑ ከሚገባው በላይ ወርዶ የጡቱ ጫፍ ወደ ላይ ማየት ከጀመረ፣ ወይም የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ዓይነት ዞሮ ጡቱ ከተጣመመ፣ ይህም በትዕግሥት የሚመለስ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። ፈሳሽ ተጠራቅሟል ተብሎ መርፌ ሊወጋሽ ከሆነ በአልትራሳውንድ እየታየ መሆን አለበት። በግምት የገባ መርፌ ሲሊኮኑን ሊበሳው ይችላል።

ጣቴን ወደ ማን ልቀስር?

መጀመሪያ ወደ ደላሎቹና እነሱን ወደሚያሰማሩት ተቋማት። የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ ቀዶ ሕክምና፣ «ሁሉም በአንድ ጥቅል» ብላችሁ ትሸጣላችሁ። ማገገሚያው ግን ጥቅሉ ውስጥ የለም። ቀዶ ሕክምናው ሰዓታት ነው የሚፈጀው፤ ማገገሙ ወራት። ወራቱን ጥላችሁ ሰዓታቱን ብቻ የምትሸጡ ከሆነ የሸጣችሁት ግማሽ ሕክምና ነው።

ቀጥሎ በሁለተኛው ሳምንት «ውጤቴን ተመልከቱ» እያሉ ቪዲዮ ወደሚለቁት። የምታሳዩን በአብዛኛው እብጠት ነው። ያንን አይታ ራሷን ከእናንተ ጋር ስታስተያይ እንቅልፍ የምታጣ እህት አለች። ቪዲዮውን በስድስተኛው ወር ልቀቁት፤ ያኔ እናያለን።

ሦስተኛው ወደ እኛ ወደ ሐኪሞች ነው፤ ራሴን አላወጣም። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት በዚሁ ጉዳይ መጥታ «የሠራሽ ሰው ጋ ሂጂ» ብዬ መልሻታለሁ። የሠራት ሰው ያለው ባሕር ማዶ ነበር። ያልኳት ነገር ከደላላው መልስ በምን ይሻላል? ሲሊኮን ማስገባት ባላውቅ እንኳ ትኩሳት መለካት፣ ቁስል ማየት፣ አልትራሳውንድ ማዘዝ፣ ወደ ትክክለኛው ሰው መላክ አውቃለሁ። ይህን ላለማድረግ ምክንያት አልነበረኝም። «ማን አድርጊ አለሽ?» ብላችሁ ታካሚ የምትቀበሉ የሙያ አጋሮቼ፣ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀጣዩን በሽታ በሯን ዘግታ እንድትደብቅ እያደረጋችኋት ነው።

«ታዲያ ለቁንጅና ብላ ራሷን አደጋ ላይ ጥላ የለም እንዴ?» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ማድረጉ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ቀን እንነጋገርበት። ኢንፌክሽን ግን ለምን እንዳደረገችው አይጠይቅም። ደግሞም ሲሊኮን የሚገባላቸው ሁሉ ለቁንጅና ብለው አይደለም። በጡት ካንሰር ጡታቸው ተወስዶ ቅርጹን መልሰው የሚያሠሩ ሴቶች አሉ። የጨረር ሕክምና የወሰዱት ደግሞ ቆዳቸው ስለሚጠብቅና ቁስላቸው ስለሚዘገይ ሽፋኑ የመጥበቅ ዕድሉ የበለጠ ነው። እነሱም «ነፍስሽ ተርፎ ስለ ቅርጽ ታወሪያለሽ?» ይባላሉ። አዎ፣ ታውራ! ቅርጽ መለወጥ አንዳንዴ የመጀመሪያው የሕመም ምልክት ነው።

ብር ከመክፈልሽ በፊት የምትጠይቂያቸው

- ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ማን ነው? ከዚያ በኋላስ በየትኞቹ ቀናት ራሱ ያየኛል?
- ስንት ቀን ቆይቼ ነው መብረር የምችለው?
- አገሬ ስመለስ የሚከታተለኝ ሐኪም ማን ነው? ከመሄዴ በፊት አግኝቼዋለሁ?
- እንደገና ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ወጪው የማን ነው?
- የሲሊኮኑ ዓይነት፣ መጠንና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጠኛል?

ካርዱን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው። በፈረንሳይ ፒአይፒ የተባለ አምራች ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሊኮን ሲጠቀም መቆየቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ተደርሶበት ምርቱ ከገበያ ወጣ፤ መሥራቹም በ2013 በማጭበርበር አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ሸካራ ገጽ ያላቸው ምርቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ ምክንያቱ አልፎ አልፎ ከሚከሰት የሊምፍ ካንሰር ጋር መያያዛቸው ነበር። የዚህ ካንሰር የተለመደ ምልክት ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የአንድ ጡት እብጠት ነው። እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ ካርድ ያላት ሴት ቁጥሯን አይታ ታውቃለች። ካርድ የሌላት ግን ምን እንደገባላት እንኳ አታውቅም።

ሲሊኮን የዕድሜ ልክ ዕቃም አይደለም። ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቀደድ ስለሚችል የአሜሪካው ኤፍዲኤ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ እንዲደገም ይመክራል። በዚያው አገር ከ2021 ጀምሮ ሐኪሙ ጉዳቱን ከታካሚዋ ጋር ነጥብ በነጥብ ሳያይ ምርቱ አይሸጥለትም። እኛ ዘንድ ግን ይህ ሁሉ በአንድ የድምፅ መልእክት ያልቃል።

በማገገሚያው ወቅት በጀርባሽ፣ ከወገብሽ በላይ ከፍ ብለሽ ተኚ። ሐኪምሽ እስኪፈቅድ ከባድ ዕቃ አታንሺ፤ ሽቦ ያለው ጡት መያዣም አታድርጊ። ካልታዘዘልሽ አትሺው፤ ሁሉም ዓይነት ሲሊኮን አይታሽም። ቅቤም ሆነ ማር ቁስሉ ላይ አታድርጊ። ጸበል የምትሄጂ ከሆነ ስፌቱ እስኪደርቅ ቁስሉን አታርጥቢው። አንቲባዮቲክ በራስሽ አትጀምሪ፤ ምልክቱን ሸፍኖ በሽታውን ያቆየዋል።

ለወላጆች

እናቶች፣ አባቶች፣ በልጃችሁ ውሳኔ ላትስማሙ ትችላላችሁ። መብታችሁ ነው። ንግግሩን ግን ከመሄዷ በፊት ጨርሱት። ከተመለሰች በኋላ የእናንተ ጥያቄ «ለምን አደረግሽው?» አይሁን። «ትኩሳት አለሽ? ቁስሉን ልየው?» ይሁን። እነዚያ እናት ክሊኒኩ ውስጥ ልጃቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ «ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ ተሸክሜ ነበር የማመጣሽ» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ያመጧት ነበር። ልጅቷ ግን ይህንን አታውቅም ነበር።

ልጆቻችሁ ይህንን አስቀድመው ይወቁ። አንቺም እህቴ፣ «ታገሺ» ስትባዪ «አይተኸኛል?» ብለሽ ጠይቂ።

ለምታውቋት ሴት ሁሉ አድርሱላት። መልካም ጤና!