ጓሳ የማን ነው?

ጓሳን በፎቶ ታውቁታላችሁ፦ ጉም፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ። ለመንዝ ገበሬ ግን ጓሳ መጀመሪያ ሣር ነው፤ ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል።

ለዘመናት የጠበቀው "ቄሮ" የሚባል የአካባቢው ሥርዓት ነው (ከፖለቲካው ቄሮ ጋር አታምታቱት)። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ሥር ቦታው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል።

ግን እውነቱን እናውራ። ድርሻ የነበረው የአስቦና የጌራ ዘር ብቻ ነው። ርስት የሌለው ቆሞ ያያል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይሄን ሻረው፤ ሁሉም ገባ፣ ጠባቂ ግን ጠፋ። ሣሩም ተራቆተ።

ዛሬ ከዙሪያው ቀበሌዎች የተውጣጣ የማኅበረሰብ ኮሚቴ አለ። ሁሉንም አቅፎ "ዝግ ነው" ማለት ይችላል? ከወረዳ የወረደ ትእዛዝ ከመሰለማ ማንም ማጭዱን አያስቀምጥም።