ቆሽት ማለት ማረር ብቻ ነው እንዴ?

«የጋዜጠኝነት ተማሪና አናቶሚን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እስከ አምና እንደናንተው ነበርኩ። የዶርሜ ልጅ የነርሲንግ ተማሪ ናት፤ እሷ የ206ቱን አጥንቶች ስም ስትሸመድድ እኔ ትራስ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እተኛ ነበር።

አምና እናቴ ደወለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ስኳር አለብሽ» ተብላ ኪኒን ተሰጥቷታል። «ፓንክሪያስሽ ደክሟል አሉኝ፤ ምንድነው እሱ ልጄ?» አለችኝ። ኮሌጅ የገባሁት እኔ ነኛ! መዝገበ ቃላት አየሁና «ቆሽት ነው እማዬ» አልኳት፤ ኮራ ብዬ። እሷ ግን ስለ ቆሽት የምታውቀው፣ እንደኔው፣ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በንዴት ያርራል። «እውነታቸውን ነው፣ ያቺ ጎረቤት አሳረረችኝ እኮ» አለች። ተሳሳቅንና ስልኩ ተዘጋ።

ከወር በኋላ ቤት ስሄድ ከጎረቤታችን ጋር ታርቃ ቡና ይጠጣሉ። ኪኒኑ ግን ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ጠጥቷል። ንዴቱ ካለፈ ቆሽቱም ይድናል ብላ ትታዋለች። ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ትነሳለች። መልሳ እንድትጀምር ለመንኳት፤ «ለምን?» ስትለኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ቃሉን እኮ በትክክል ነው የተረጎምኩት!

ግቢ ስመለስ ስልኩን ለዶርሜ ልጅ ሰጠኋት። «ኢንዶክራይን ግላንድ ነው፣ ሆርሞን ሴክሪት ያደርጋል» አለቻት፤ በፈተና «ኤ» ያገኘችበት ትምህርት ነው። እናቴ «እሺ ልጄ» ብላ ዘጋችው። «እሺ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ዘንድሮ መምህሯን አስፈቅጄ ከኋላ ወንበር እየተቀመጥኩ እማራለሁ። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተኛ ነገር ነው። አንዱ ሥራው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት መላክ ነው። ሌላው ኢንሱሊን ወደ ደም መልቀቅ ነው፤ ያለ እሱ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ ለሰውነት በወጉ አይደርስም። ኢንሱሊኑን የሚሠሩትን የሕዋስ ጉብታዎች እ.ኤ.አ. በ1869 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ የኔ እኩያ። ምን እንደሚሠሩ ግን አላወቀም። ኢንሱሊን ተለይቶ የወጣው በ1921 ካናዳ ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ንዴት ስኳርን ለጊዜው ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ እማዬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም ማለት ነው።

የኛ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ነገ የጤና አምድ እንጽፋለን፣ የጤና ፕሮግራም እናዘጋጃለን። እንደኔ ስሙን ብቻ ተርጉመን አየር ላይ ልናውለው ነው? «ኮርሱ በዝቶብናል፣ ደግሞ አጥንት እንቁጠር?» የሚሉ ጓደኞቼ እውነት አላቸው፤ አጥንቱ ይቅር። ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ጉበትና ቆሽት እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስረዳ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ግን አይበዛብንም። የነርሲንጎቹም ፈተና ላይ «ይህን ለእናትህ አስረዳ» የሚል አንድ ጥያቄ፣ ያውም በአማርኛ ወይም በየቋንቋቸው፣ ቢገባ ምናለበት?

ባለፈው እሑድ ደውዬ የገባኝን ያህል ነገርኳት። ኪኒኗን እየወሰደች ነው። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ታዲያ የደከመ ቆሽት ሲያርፍ አይበረታም?» አለችኝ። ሐሙስ ክፍል ስገባ መምህሯን እጠይቃለሁ።