መንጋውን የሚከፋፍል ነጋዴ መዝገቡን ለምን በአንድ በረት ያጉራል?

አዳማ አካባቢ ማድለቢያ፣ ሞያሌ የግዢ ቢሮ፣ ጅቡቲ ደግሞ ወኪል ያለው አንድ ላኪ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደወለልኝ። ለአረፋ ገበያ የተዘጋጁ 600 ሰንጋዎች ነበሩት። ከብቶቹ ጤነኞች ናቸው፤ የታመመው ሰርቨሩ ነው። አንድ ጠዋት ሠራተኞቹ ኮምፒውተር ሲከፍቱ ፋይሎቹ በሙሉ ተቆልፈው፣ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ጠበቃቸው። የጆሮ ቁጥሩ፣ የክትባቱ ቀን፣ የደም ምርመራው ውጤት፣ የግዢው ደረሰኝ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። «ባክአፕ እኮ አለን» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ነበራቸው። ነገር ግን ቅጂው የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ሌት ተቀን ሰርቨሩ ላይ እንደተሰካ ስለነበር እሱም አብሮ ተቆልፏል።

ዝርዝሩን ከእንስሳት ሐኪሙ የወረቀት ማስታወሻና ወኪሉ በስልኩ ካነሳቸው ፎቶዎች መልሶ ለማቀናጀት 12 ቀን ፈጀ። መርከቡ አልጠበቀም። የኪሳራውን ትክክለኛ መጠን መናገር የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ስሌቱን ግን ማናችንም ልንሠራው እንችላለን። አንድ ሰንጋ በቀን የ200 ብር መኖ ይበላል እንበል። 600 ሰንጋ በ12 ቀን 1,440,000 ብር በላ ማለት ነው። የአረፋ ዋጋ ካለፈ በኋላ የሚመጣው የዋጋ መውረድ በዚህ ውስጥ የለበትም።

እኔ የእንስሳት ጤና ኢኮኖሚ ባለሙያ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ይህን የምጽፈው መዝገብ በንግዳችን ውስጥ ገንዘብ ስለሆነ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከቀጠናችን የሚሄደውን የቁም እንስሳ ስታግድ፣ በሶማሊያ ከብት ላይ የተጣለው እገዳ እስከ 2009 ቆይቷል። ዛሬ ገዢው ከከብቱ ጋር ወረቀቱንም ይገዛል። ወረቀት የሌለው ጤነኛ ከብት ኳራንቲን በር ላይ ከታመመ ከብት አይለይም።

ስለዚህ አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የባክአፕ ሶፍትዌር የሚመረጠው የጠፋውን መልሶ በማምጣት ችሎታው ነው፤ የኩባንያው ስምና የዋጋው ርካሽነት ከዚያ በኋላ ይምጡ። የሚሸጥላችሁ ሰው ዓይናችሁ እያየ መልሶ ካላሳያችሁ አትግዙት።

ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቦረና አርብቶ አደር መንጋውን በሙሉ አንድ ቦታ አያውልም። የሚታለቡት ላሞች በወራው ሲቀሩ፣ ጠንካሮቹ ከብቶች ፎራ ወጥተው ራቅ ባለ ግጦሽ ይውላሉ። ድርቅ ወይም በሽታ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች 3-2-1 የሚሉት ደንብም ይኸው ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጪ። በሦስት ከተማ ቢሮ ያለው ነጋዴ ሦስተኛውን ቦታ ከማንም መከራየት አያስፈልገውም። ያጣው ሥርዓቱን ብቻ ነው።

ብዙዎቻችሁ «ፋይሎቻችን በሁሉም ቢሮ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ጋ ሲቀየር ሌላውም ጋ ይቀየራል» ትላላችሁ። ይህ ማመሳሰል ነው፣ ባክአፕ አይደለም። አዳማ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሞያሌም ላይ ይሰረዛል፤ አዳማ ላይ የተቆለፈው ጅቡቲም ይቆለፋል። አንድ ገንዳ የሚጠጡ ሦስት መንጋዎች እንደማለት ነው።

በዚህ ስህተት ትልልቆቹም ወድቀዋል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን ሲመታ፣ የኩባንያውን የተጠቃሚዎች መዝገብ የሚይዙት ሰርቨሮች በየአገሩ ነበሩ፤ እርስ በርስም ይመሳሰሉ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፉ። የተረፈው ጋና ቢሮ ውስጥ የነበረው ብቻ ነው፤ እሱም ጥቃቱ በደረሰበት ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር። መረጃውን በኢንተርኔት ወደ እንግሊዝ ለመላክ መስመሩ ደካማ በመሆኑ፣ ዲስኩ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል በአውሮፕላን ተወሰደ። ሜርስክ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና መጫን ነበረበት። ያዳነው ከመስመር የተነቀለ አንድ ቅጂ ነው፤ እኛ ግን የመብራት መጥፋትን ዕድል መጠበቅ የለብንም። ዲስኩን ራሳችን መንቀል እንችላለን።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ሻጭ ከማነጋገራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ቢሮ ሁለት ጥያቄ መልሱ፦ የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ እንችለዋለን? በስንት ሰዓትስ ውስጥ ወደ ሥራ መመለስ አለብን? መልሱ በየቦታው ይለያያል። የሞያሌው የግዢ ቢሮ የወረቀት ደረሰኝ ስላለው የአንድ ቀን ሥራ ቢጠፋበት እንደገና ይመዘግበዋል፤ በቀን አንድ ቅጂ ይበቃዋል። የክትባቱና የባንኩ ሰነድ ያለበት የአዳማው ሰርቨር ግን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይቀዳ። ጅቡቲ ያለው ወኪል የሚመዘግበው ጥቂት ነው፤ መርከብ ሲጫን ግን ሰነዱ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተገኘ ዋጋ የለውም። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥበቃ መግዛት ለጥጃም ለሰንጋም አንድ ዓይነት መኖ እንደመስጠት ነው።

ከዚያ ሶፍትዌሩን በእነዚህ መዝኑት። አንደኛ፣ አንድ ፋይል ብቻ፣ ሲያስፈልግም ሙሉውን ሰርቨር፣ ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን መመለስ ይችላል? የተቃጠለውን ዓይነት ሰርቨር ሞያሌ ገበያ ላይ አታገኙም። ሁለተኛ፣ የተቀየረውን ብቻ ይልካል? መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል? የመጀመሪያውን ትልቅ ቅጂ በዲስክ አድርጎ በመኪና መውሰድ ይፈቅዳል? ሦስተኛ፣ የትናንቱን ብቻ ሳይሆን የዛሬ ወሩንም ቅጂ ያቆያል? ስህተት ወይም ቫይረስ ከገባ በኋላ ሳይታወቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። አራተኛ፣ መረጃውን ከቢሮው ከመውጣቱ በፊት ይመሰጥራል? የደንበኛ ፓስፖርትና የባንክ ደብዳቤ ድንበር ሲሻገር የሕግ ጉዳይም አለበት፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢትዮጵያ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል። አምስተኛ፣ ቅጂው ሳይሳካ ሲቀር ለባለቤቱ መልእክት ይልካል? ዝምታ የጤና ምልክት አይደለም።

ስድስተኛው ጥያቄ የእኛ አገር ጥያቄ ነው፦ ክፍያው በምንድን ነው? በየወሩ በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ነጋዴ አደጋ ነው። ክፍያው ቢቋረጥ የድሮውን ቅጂ መክፈት ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ነፃ አማራጮችም አሉ። ኧርባክአፕ ከአንድ ማዕከል ብዙ ኮምፒውተሮችን ይቀዳል፤ በድረ ገጽ ዓይነት ገጽ ስለሚታይ ለቢሮ ሰው ይቀላል። ሬስቲክ ሁልጊዜ መስጥሮ ያስቀምጣል፤ ግን በትእዛዝ ጽሑፍ የሚሠራ ስለሆነ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋም መረጃው ጠፋ። ቪም እስከ 10 ማሽን የሚሸፍን ነፃ እትም አለው፤ የአብዛኞቻችሁ ንግድ ከዚያ አያልፍም። ነፃ ማለት ግን ያለ ወጪ ማለት አይደለም። ለሶፍትዌሩ ያልከፈላችሁትን ለባለሙያው ትከፍላላችሁ፤ ለእኔ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል፣ ባለሙያው ሲጠራ ይመጣልና።

«ሁሉን ክላውድ ላይ አድርገን እንረፍ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ክላውድ ጥሩ ሦስተኛ ቅጂ ነው። ብቸኛ ቅጂ ሲሆን ግን በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቋረጥ የሆነውን አስታውሱ። ሰነዱ በሰላም ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ግን አይደርስበትም። «የእኔ ንግድ ትንሽ ነው፣ ደብተር ይበቃኛል» ለሚሉትም አክብሮት አለኝ። የዚያን ላኪ ሰነድ ከፊሉን ያተረፈው የሐኪሙ ደብተር ነው፤ አትጣሉት። ነገር ግን 600 የጆሮ ቁጥር ከደብተር መልቀም 12 ቀን እንደሚፈጅ አይተናል።

በክትባት ሥራ የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ክትባት ፍሪጅ ውስጥ መኖሩ መንጋውን አያድንም፤ ቀዝቃዛ ሰንሰለቱ ተጠብቆ፣ ተወግቶ፣ ደሙ ተመርምሮ ነው መከላከያ መኖሩ የሚታወቀው። ባክአፕም እንዲሁ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከረመዳን ሌላውን ከአረፋ ገበያ ሁለት ወር በፊት፣ ሰርቨሩ እንደጠፋ ቆጥራችሁ ከቅጂው ብቻ የአንድ ጭነት ሙሉ ሰነድ አውጡ። ሰዓት ያዙ። ሥራውን የሚያውቀው ሰው ፈቃድ በወጣበት ቀን አድርጉት። የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ከሰርቨሩ ክፍል ውጪ፣ ለሁለት የምታምኗቸው ሰዎች ይታወቅ።

ያ ላኪ ዛሬ ሁለት ዲስክ አለው። አንዱ አዳማ ሲሠራ ሌላው ተነቅሎ ሞያሌ ይቀመጣል፤ ሰንጋ ለመጫን በየሳምንቱ የሚመላለሰው መኪና ያቀያይራቸዋል። ለሶፍትዌሩ ምንም አልከፈለም፤ የከፈለው ለሁለት ዲስክና ለአንድ ወጣት ባለሙያ የሦስት ቀን ሥራ ነው። ከ1,440,000 ብር መኖ ጋር አስተያዩት። እስከሚቀጥለው የአረፋ ገበያ ድረስ ጊዜ አላችሁ፤ በዚህ ሳምንት ግን ሰርቨሩ ላይ የተሰካውን ዲስክ ነቅላችሁ፣ በሌላ ኮምፒውተር አንድ ፋይል ክፈቱበት። ካልከፈተ፣ ባክአፕ እንደሌላችሁ ዛሬ ማወቁ ይሻላል።